ያልተፈቀደ ማቆሚያ

አንድ እጅ የምትሞላ ጥቁር ሳጥን ናት። ከመሪው ሥር ትታሰራለች፤ ሽቦዋ በእርሳስ ማኅተም ይታሸጋል። ዛሬም አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ነው። አንዳንዱ መኪና ላይ አሁንም አለች፤ አቧራ ለብሳ፣ ሽቦዋ ተበጥሶ፣ የሚነቅላት አጥታ ተንጠልጥላለች። ባየኋት ቁጥር እበሽቃለሁ። በሳጥን መናደድ ሞኝነት መሆኑ አይጠፋኝም። ግን የሚናደዱበት ሰው ሁሉ «እኔ አይደለሁም፣ ከላይ ነው» ሲል፣ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ደግሞ ራስ ሆኖ ሲገኝ፣ ሰው በምን ይናደድ?

ያኔ በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነበርኩ። የትኛው መኪና በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ እመድባለሁ፤ የመውጫ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ሾፌርና ተሳፋሪ ሲጣሉ እገላግላለሁ። የመጣሁት ከደምበጫ ማዶ ነው፤ ከተማውን ከለመድኩት ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነው። ቢሮው ሁሉ «የሥራ ሂደት» ይባላል፤ አለቃው ሁሉ «የሂደት ባለቤት»። የእኛ ባለቤት ደግሞ «ምርጥ ተሞክሮ» ሳይል አንድ ንግግር መጨረስ የማይሆንለት ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ቀን አዳራሽ ተጠራን። ሾፌሮቹም፣ ባለንብረቶቹም፣ ትራፊኮቹም አሉ። ከላይ የመጣ ወጣት ባለሙያ ግድግዳው ላይ ካርታ አብርቶ ገለጻ ሰጠ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በሚሠሩት አውቶቡሶች ሁሉ ላይ ሳጥን ይገጠማል። መስመሩ የተመረጠው አጭርና አስፋልት ስለሆነ ለሙከራ ይመቻል ተብሎ ነው። ሳጥኗ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መኪናውን አታስኬደውም። በየደቂቃው ያለበትን ቦታ በኔትወርክ ወደ ቢሮ ትልካለች። መኪናው በስክሪኑ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ሲሄድ አረንጓዴ ነው፤ ካልተፈቀደለት ቦታ ከቆመ ይቀላል።

«ከእንግዲህ መኪናው ራሱ ይናገራል» አለ ባለሙያው።

ከኋላ አንድ ሾፌር፣ «መኪናው ከተናገረ ታዲያ እኛ ምን እንሠራለን? እንስማው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ኮፍያ ታደለና ተበተንን። ሾፌሮቹ በማግስቱ ለሳጥኗ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ስም አወጡላት።

እውነቱን ልናገርና እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ መስመር ትርፍ ጭኖ የሚሽቀዳደመውን፣ ተሳፋሪ ለመሻማት መንገድ መሃል የሚገተረውን አውቀዋለሁ። ከመኪና ሥር ሰው ሲወጣ አይቻለሁ። ይህን የሚያስቆም ነገር ከመጣ ሳጥንም ይሁን ጠንቋይ ግድ አልነበረኝም።

ከስብሰባው በኋላ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ፤ «የተፈቀዱ ማቆሚያዎች ዝርዝር» ይላል። ነገ ጠዋት መድረስ አለበት ተባልኩ። መቼም ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ነገ ጠዋት ነው የሚፈለገው፤ መልሱ ግን ዓመት ይፈጃል። ቅጹ አምስት ዓይነት ማቆሚያ ብቻ ይቀበላል፤ መናኸሪያ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ጤና ተቋም፣ ትምህርት ቤት፣ የእምነት ተቋም። ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ሁለቱን መናኸሪያዎች ጻፍኩ፤ መሃል ያለችውን ማንኩሳን ጻፍኩ፤ አንድ ማደያ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ጨመርኩ። ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ግቢው በሾፌር ተሞልቶ ሳለ አንዱን እንኳ ጠርቼ «እናንተ መንገድ ላይ የት ትቆማላችሁ? ለምን?» አላልኩም። አስቤ የተውኩት ነገር አይደለም፤ ጭራሽ አልመጣልኝም።

ሥርዓቱ በጀመረ በሳምንቱ ማንኩሳ የደረሰ መኪና ሁሉ ቀላ። ስንመረምር ካርታው ላይ የማንኩሳ ማቆሚያ የተተከለው ከከተማው ወጣ ብሎ የሰው የበርበሬ ማሳ መሃል ነው። በሕጉ መሠረት አውቶቡሶቹ ተሳፋሪ ማውረድ ያለባቸው በርበሬ ውስጥ ነበር። ነጥቧን ወደ አስፋልቱ ለማምጣት ሦስት ሳምንት ስልክ ደወልኩ። አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል፤ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባ የጨረሰው ደግሞ መስክ ወጥቷል። በመጨረሻ ተስተካከለና ባለሙያው፣ «በል እንግዲህ፣ ከአሁን በኋላ ዝርዝሩ ተቆልፏል። የሙከራው ጊዜ እስኪያልቅ የሚነካ ነገር የለም» አለኝ። እኔም እፎይ ብዬ አመሰገንኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሪፖርት ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል። ከአንድ መኪና በቀር።

ሾፌሩ ቡሬ የሚኖር፣ ዕድሜው ወደ አርባ አምስት የሚጠጋ ዝምተኛ ሰው ነው። በመስመሩ ላይ እንደሱ ቀስ ብሎ የሚነዳ የለም፤ የቸኮለ ተሳፋሪ ተራው የሱ መሆኑን ሲያይ ፊቱን ያጠቁር ነበር። ሳጥኗ ኖረችም አልኖረችም እሱ ያችኑ ፍጥነቱን አይለቅም። ግን በየቀኑ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ከማንኩሳ ወዲህ አንድ ቦታ ላይ ይቀላል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ሁለት ደቂቃ፣ ሲበዛ ሦስት። ሞተር ጠፍቶ።

ትርፍ እየጫነ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ለመጀመሪያው ወር ሪፖርት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ጠራሁት። አነበበው፤ «እሽ» አለ፤ ፈርሞ ወጣ። በማግስቱም ቆመ። በሁለተኛው ወር የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ቢደገም የመስመሩ ታፔላ ይነሳል፣ ለሦስት ወርም ከስምሪት ይታገዳል የሚል ነው። ይህንንም አነበበው።

«የምትለው ነገር የለህም?» አልኩት።

«ምን እላለሁ? ማሽኑ አይዋሽም። ቆሜያለሁ» አለ።

«ለምን?»

«ይቅር በለኝ አለቃ፣ መኪናው ተራው ደርሷል» ብሎ ወጣ። እንደናቀኝ ቆጠርኩት። ጦፍኩ። እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ ብዬ ማልኩ።

በማግስቱ ማልጄ ቡሬ ሄድኩና ጃኬቴን ለብሼ፣ ያችኑ የታደለችውን ኮፍያ ደፍቼ፣ ከሱ መኪና የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት የማንኩሳ ነጋዴ፣ ሻሽ ያሰሩ የሙስሊም እናት፣ ጨው በከረጢት ይዘው ተቀምጠዋል። መኪናው እንደ ልማዱ እያዘገመ ማንኩሳን አለፈ። ትንሽ እንደሄደ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በባሕር ዛፍ አጥር የተከበበች አንዲት ቤት ፊት ለፊት ጥጉን ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። እኔ ቀና ብዬ ማን ሊሳፈር እንደሆነ አያለሁ። ማንም የለም። ሾፌሩ ራሱ ወረደና ኮፍያውን አውልቆ አጥሩ ጋ ቆመ።

«እናቴ፣ እንዴት አደሩ?»

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ እንዴት አደርህ፣ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ። እግርዎ እንዴት ነው?»

«ዛሬስ ይሻለዋል። በል ሂድ፣ ሰው አታቁም።»

ተመልሶ ገባ፤ አስነሳና ሄድን። በመኪናው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በአውቶቡስ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ግራ ገብቶኝ አጠገቤ ያሉትን ነጋዴ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የዚህ አገር ሰው አይደለህም መሰል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ልጃቸውን እኮ ነው የገደለባቸው።»

ከዚያ እስክንደርስ ነገሩኝ። ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ሰውየው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እዚያች ቦታ ላይ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ፣ ከገበያ የሚመለስ ወጣት ገጨ። የሴትየዋ አንድ ልጅ ነበር። ሕጉ የፈረደበትን ጨርሶ ሲወጣ ሽማግሌ ላከ፤ በአገሩ ደንብ ደም ሊያደርቅ። ሽማግሎቹ ካሳ ሲያነሱ ሴትየዋ እንቢ አሉ። «ገንዘብ አይጠራኝም» ነው ያሉት። «እንዴት አደርሽ ይለኝ የነበረው እሱ ነው። ከእንግዲህ ማን ይለኛል?» ሽማግሎቹ ሲወጡ ሲወርዱ ከርመው እርቁን በዚያው አሰሩት። ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ሰውየውን እንደ ጡት አጠቡትና የጡት ልጃቸው አደረጉት። እሱም በመስቀል ማለ፤ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ጠዋት እንዴት አደሩ፣ ማታ እንዴት ዋሉ ሳይላቸው ላያልፍ። ያን ጊዜ የጭነት መኪናውን ትቶ በዚህ መስመር ሹፍርና የገባውም ለዚሁ ሲል ነው።

«ተሳፋሪው አይቆጣም?» አልኳቸው።

«ምን ብሎ ይቆጣል? እኛ እስላሞቹም እንኳ ዝም ብለን እንጠብቃለን። የደም ነገር እኮ ነው፣ ልጄ።»

ከመኪናው ስወርድ ኮፍያዬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። ሁለቱም ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ስህተቱን ማረም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ አንዲት ነጥብ መጨመር ብቻ። ለሂደት ባለቤቱ ነገርኩት። ጉንጩን ደግፎ በጥሞና ሰማኝ፤ ልቡም የተነካ መሰለኝ። «በጣም የሚያሳዝን ነው» አለ። «ግን በስሜት አንሠራም። ለአንዱ ከፈቀድን ነገ ሁሉም አክስቱ ደጅ ካልቆምኩ ይላል። በደብዳቤ ጠይቅ።» በደብዳቤ ጠየቅሁ። መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ ባለሙያውን በስልክ አገኘሁት።

«ከአምስቱ የትኛው ነው?» አለኝ።

«ከአምስቱ አይደለም። የአንዲት እናት ቤት ነው።»

«እናት የሚል ምድብ ሲስተሙ ላይ የለም። ቢከፈት እንኳ ከአምስቱ አንዱን ካልመረጥክ አይቀበልም።»

«እንግዲያው የእምነት ተቋም በለው» አልኩት በንዴት።

«ታቦቱ የማን ነው?» አለ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር፤ የምር ነው። የደብሩን ስም፣ ከአስተዳዳሪው ማኅተም ያለበት ደብዳቤና የሕንፃውን ፎቶ እንድልክ ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ተሳደብኩ። ከዚያ ደግሞ ራሴን ያዝኩ፤ ያን ቅጽ የሞላ እኔ አይደለሁ? ያን ዕለት አንድ ሾፌር ጠርቼ ብጠይቅ ኖሮ፣ ዝርዝሩ ሳይቆለፍ፣ አንድ ዘዴ አይጠፋለትም ነበር።

ሁለተኛው ወር አልቆ የሙከራው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ሲያልቅ ዝርዝሩ እንደገና ይከፈታል ተብሏል። ስለዚህ ሾፌሩን ጠርቼ በሬን ዘጋሁና ሁሉን እንደማውቅ ነገርኩት። መሬት መሬቱን አየ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰው ገድየ ነው የምቆመው ብየ ልንገርህ?» አለ።

አንድ ወር ብቻ እንዲታገሥ ለመንኩት። እንዳይቆም፣ ሲያልፍ ጥሩንባ ብቻ እንዲነፋላቸው፣ ወሩ ሲያልቅ ደጃቸውን በሕግ እንደማስፈቅድለት ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ሳትጠይቃት አትለፍ ነው የተባልሁት።»

«ከቆምክ እኮ ታፔላህ ይነሳል።»

«እሱን አውቃለሁ። ታፔላው ከተነሳ ባለንብረቱ አያቆየኝም። የሚቀረኝ የጭነት መኪና ነው፤ እሱ ደግሞ በነቀምት በኩል ነው የሚወስደኝ። በሷ ደጅ አያልፍም። ያን ጊዜ ጭራሽ መሐላየን በላሁ ማለት ነው» አለ።

«ለዚህ እኮ ነው የምልህ። አንድ ወር። እኔ ራሴ ሄጄ ለእናትህ አስረዳቸዋለሁ፤ ቀረብኝ አይሉህም።»

«ነገ ትሄዳለህ?» አለኝ።

«ነገ።»

አመነኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ጥሩንባ ነፍቶ ያልፍ ገባ።

እኔ ግን በማግስቱ አልሄድኩም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ግምገማ ተጠራ። ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ሦስቱን ቀን የተነጋገርነው ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ነው። አራተኛው ቀን ቃለ ጉባኤ አዘጋጅ ተባልኩ። ከዚያ እሑድ ሆነ። ከዚያ ሪፖርት። ሾፌሩን ግቢ ውስጥ ሳገኘው በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም «ዛሬ ነው» እላለሁ። መንገዱ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህን ምንም ብዬ ላሳምረው አልችልም።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ቢሮ እንደከፈትኩ፣ አንዲት አሮጊት በዱላ ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ጫማቸው ጭቃ ነው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል። እንዲቀመጡ ወንበር ሰጠኋቸው። አስፋልቱን ትተው በማሳ መሃል ባለው አቋራጭ በእግራቸው እንደመጡ ነገሩኝ። ድምፃቸውን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ አወቅኋቸው።

«መኪኖቹን የሚያዝ እዚህ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት» አሉ። «አንድ ልጅ አለኝ፤ ከቡሬ የሚነዳ። ልከሰው አይደለም፣ እንዳትቀጡት። ታሞ እንደሆን ብየ ነው። ዘጠኝ ቀኑ፣ እንዴት አደርሽ አላለኝም። ጥሩንባውን ስሰማ ወጥቼ አጥሬ ላይ እቆማለሁ፤ እንደ ከብት ጥሩንባ ነፍቶብኝ ያልፋል። ምን አጠፋሁበት?»

«እማማ፣ እሱ ምንም አላጠፋም፣ እርስዎም አላጠፉም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዳይቆም የከለከልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ወሩ፣ ስለ ቅጹ ነገርኳቸው። ስናገር ለራሴም ትርጉም አልሰጥ አለኝ። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ታዲያ አሁን ደኅና ነው?» አሉ። ከሁሉ የፈለጉት ይህችን ብቻ ነው።

«ደኅና ነው። እንዲያውም ላሳይዎት፣ ይምጡ» ብዬ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁላቸው። ለሁለት ሳምንት ሲጠፋ ሲመጣ የከረመው ኔትወርክ ያን ዕለት እንደ ውሃ ይወርድ ነበር። ለሥራ ስፈልገው እንዲያ ሠርቶልኝ አያውቅም። ያን ቀን የልጃቸው ተራ ዘግይቶ ነበርና ገና በመንገድ ላይ ነው። በእርሳስ ጫፍ አሳየኋቸው። «ይቺ አረንጓዴ የእሱ መኪና ናት። ማንኩሳን አሁን አለፈ። እዚህ ጋ ደግሞ የእርስዎ ቤት ነው።»

ዓይናቸውን አጥብበው ተጠጉ። «ቤቴን ከዚህ ታዩታላችሁ?»

«ቤቱን አይደለም፤ ቦታውን ነው።»

ነጥቧ እየተንፏቀቀች መጣች። እኔ ልክ በእርሳሴ ያሳየሁት ቦታ ስትደርስ ነው የገባኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጥሩንባ ሲነፋ አጥር ላይ ሰው ይወጣለት ነበር። ዛሬ ቢነፋ ማን ይወጣል? የሚወጡት እናት እዚህ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ነጥቧ ቆመች። ኮምፒውተሩ ጢጥ አለ። ነጥቧ ቀላች።

«ምን ሆነ? ቀላ እኮ» አሉ።

«ቆመ ማለት ነው፣ እማማ።»

«ደጄ ላይ?»

«ደጅዎ ላይ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንባቸው ወረደ፤ እየሳቁ ነው። «ቆመ! አልተወኝም። ዐወቅሁ እኮ፣ አይተወኝም!» በጣታቸው ስክሪኑን፣ ያችን ቀይ ነጥብ ዳሰሷት። «ይኸን የሠራው እጅ ይባረክ። አንተም ተባረክ፣ ልጄ። የልጅህን ወግ ያሳይህ።»

ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። ጠራ፤ አላነሳም። ወርዶ ይሆናላ። ሁለት ደቂቃ ሆነ። አምስት ሆነ። በሩን እያንኳኳ ነው፣ በጓሮ እየዞረ ነው፣ ጎረቤት እየጠየቀ ነው። እንደገና ደወልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ነው የጣልኩት። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። ከዚያ ነጥቧ አረንጓዴ ሆነችና ወደኛ መምጣት ጀመረች። እንዲያ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም፤ ሳጥኗ እስከፈቀደችለት ድረስ ነበር የሚነዳው።

ጢጥታው በሂደት ባለቤቱም ኮምፒውተር ላይ ይሰማል። በሩን ከፍቶ ገባ። «ይህ ሰውዬ አልሰማም ማለት ነው? ደብዳቤውን ዛሬውኑ ጨርስልኝ» አለ። አሮጊቷ አለቃ መሆኑን ዐውቀው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፤ እጅ ነሡትና እሱንም መረቁት። እሱም ጎንበስ ብሎ «አሜን፣ እማማ፣ አሜን» አለ። ማን እንደሆኑ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ከላይም እኮ አይተውታል፤ እኛ ብንተወው እኛን ነው የሚጠይቁን» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እሱም እኔም።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አሉኝ።

«ምንም አይደል፣ እማማ። እየመጣ ነው።»

«እንግዲያው በሩ ላይ ልጠብቀው። በሶ ይዤለት ነው፤ የታመመ መስሎኝ።» ቀስ እያሉ ወጡ። ልንገራቸው ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቅጹን አወጣሁ። ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ መስመር፣ ቦታ፣ የቆመበት ደቂቃ። የመጨረሻው ረድፍ «የማቆሙ ምክንያት» ይላል፤ ሥሩ አራት ምርጫ አለው፤ የቴክኒክ ብልሽት፣ አደጋ፣ የመንገድ መዘጋት፣ ያለ በቂ ምክንያት። ሌላ የሚጻፍበት መስመር የለውም። በመስኮቱ አየኋቸው። መናኸሪያው በር ላይ፣ ቋጠሯቸውን ፈትተው በሶውን በእጃቸው ይዘው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ቡሬ በኩል ያያሉ። አራተኛው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።